የምንዛሪው ለውጥ ለአርሶ አደሩና ለአርብቶ አደሩ ይድረስ

በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር የምትገኘው ባቲ በሰኞ ገበያዋ ትታወቃለች። ከአፋር ቆላ ግመልና ፍየል እየነዱ የሚመጡ አርብቶ አደሮች፣ ከደጋውና ከወይና ደጋው ማሽላ፣ ጤፍና በቆሎ ይዘው የሚወርዱ አርሶ አደሮች፣ ከኮምቦልቻና ከደሴ ሸቀጥ ጭነው የሚደርሱ ነጋዴዎች በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። በአንድ ድርድር ውስጥ አፋርኛ፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ይሰማሉ። ሻጭ ዋጋ ይጠራል፣ ገዢ ያወርዳል፣ ደላላ መሀል ይገባል፣ በመጨረሻም እጅ ለእጅ ተመታትተው ይለያያሉ።

በዚህ ድርድር ላይ ግን በገበያው ሜዳ የማይታይ ሌላ ተደራዳሪ አለ። እርሱም የምንዛሪ ተመን ነው። የባቲ ፍየል ዋጋ በጅቡቲና በባሕር ማዶ ገበያ በሚገኘው ገንዘብ ይለካል። አርሶ አደሩ ለማሳው የሚገዛው ማዳበሪያ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባል። ስለዚህ "አንድ ብር ስንት ይመነዘራል?" የሚለው ጥያቄ የአዲስ አበባ ባንኮች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የባቲ፣ የከሚሴ፣ የደዋ ጨፋና የአርጡማ ፉርሲ ገበሬ ጓዳ ድረስ የሚገባ ጉዳይ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ጥያቄው ይበልጥ ከብዷል። ለውጡ ማንን ይጠቅማል፣ ማንንስ ይጎዳል የሚለውን በትክክል ለመመለስ ብሩ እስከዚህ የመጣበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። ለባቲ ደግሞ ከዶላር ይልቅ ቀርቦ የሚታየው መለኪያ ጎረቤቱ የጅቡቲ ፍራንክ ነው። የሁለቱ ገንዘቦች ታሪክ ጎን ለጎን ሲታይ ብዙ ያስተምራል።

ከአሞሌ እስከ ማርትሬዛ

ምንዛሪ ለዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። የወረቀት ገንዘብ ሳይታወቅ ከአፋር ምድር የሚወጣው አሞሌ ጨው በደጋው ገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ከእርሱ ጎን በኦስትሪያ የተጀመረው የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ ሕዝቡ ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የሚለው፣ በእጅ ይዘዋወር ነበር። ይህ ሳንቲም የትም ቢታተም በላዩ የሚጻፈው ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1780 ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን ከዚህ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። የሳንቲሙ ዋጋ የሚመነጨው ከማዕድኑ ነበር።

የአሞሌና የጠገራ ብር ምንዛሪ በየቦታው ይለያያል። ወደ ጨው ሜዳው በቀረቡ ገበያዎች አንድ ጠገራ ብር ብዙ አሞሌ ይገዛል። ገበያው ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ግን የሚገኘው አሞሌ ቁጥር ያንሳል። ልዩነቱ የግመል ኪራይ፣ የኬላ ቀረጥ፣ የመንገድ ሥጋትና የነጋዴው ትርፍ ነው። ይህ የጥንት ስሌት ዛሬም አልተለወጠም። በወደቡ ያለው ዋጋና በባቲ ያለው ዋጋ የሚለያዩት በእነዚሁ ምክንያቶች ነው። ወደብ ላይ የተጨመረ ብር መንገዱ ላይ ካለቀ ለአርብቶ አደሩ አይደርስም።

አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር ፓሪስ ላይ አሳተሙ። የአቢሲኒያ ባንክም በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ይሁንና ጠገራው ከገበያ አልወጣም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወራሪው ሊሬን ሊያስገድድ ቢሞክርም ገበሬው የሚያምነው በእጁ የሚመዝነውን ብር ነበር። ጣሊያን ራሱ ማርትሬዛ ሮም ላይ ለማሳተም የተገደደው ለዚህ ነው። ከነጻነት በኋላም የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ለጥቂት ዓመታት ተዘዋውሯል። ይህ ታሪክ የሚያሳየው የገጠሩ ሰው ገንዘብን የሚቀበለው በአዋጅ ብቻ ሳይሆን ነገ ምን ይገዛልኛል ብሎ እንደሆነ ነው።

ሰማንያ ስድስት ፍራንክ

በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የወጣው የገንዘብ አዋጅ አዲሱን የኢትዮጵያ ገንዘብ ሕጋዊ አደረገ። በውጭ ቋንቋ የኢትዮጵያ ዶላር ይባል እንጂ ሕዝቡ ያን ጊዜም ብር ነበር የሚለው። ዋጋው በወርቅ ተወሰነ፤ አንዱ ብር 0.36 ግራም ገደማ ንጹሕ ወርቅ እንዲወክል ሆነ። በዚህ ስሌት አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ48 ሳንቲም አወጣ።

ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1941 ዓ.ም.፣ ያን ጊዜ በፈረንሳይ ሥር የነበረችው ጅቡቲ የራሷን ፍራንክ ከዶላር ጋር አሰረች። አንድ ዶላር 214.392 የጅቡቲ ፍራንክ ሆነ። የሁለቱም ገንዘቦች መለኪያ አንድ ስለነበረ እርስ በርሳቸው ሲመነዘሩ አንድ ብር 86 ፍራንክ ገደማ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለብዙዎች የሚያስገርም ነው። በ1956 ዓ.ም. ብር በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ዶላር 2 ብር ከ50 ሲሆን አንድ ብር 85.8 ፍራንክ ነበር። በታኅሣሥ 1964 ዓ.ም. አሜሪካ ዶላሯን ከወርቅ አንጻር ዝቅ ስታደርግ ኢትዮጵያም ጅቡቲም አብረው አልወረዱም። ዶላር በኢትዮጵያ 2 ብር ከ30፣ በጅቡቲ 197.466 ፍራንክ ሆነ። የሁለቱ ምንዛሪ ያው 85.8 ነው። በየካቲት 1965 ዓ.ም. ዶላር ዳግመኛ ሲወርድ በኢትዮጵያ 2 ብር ከ7 ሳንቲም፣ በጅቡቲ 177.721 ፍራንክ ሆነ። አሁንም አንድ ብር 86 ፍራንክ ገደማ ነው።

በኢትዮጵያ መንግሥት ተለወጠ፣ በ1969 ዓ.ም. የብር ኖቶች ተቀየሩ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ጅቡቲ ነጻ ወጣች። ተመኑ ግን አልተነቃነቀም። ከ1941 እስከ 1985 ዓ.ም.፣ ከአርባ ሦስት ዓመት በላይ፣ በወረቀት ላይ አንድ ብር ያው 86 ፍራንክ ነበር።

ይህ ለብር ጥንካሬ ምስክር ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። ጠለቅ ብሎ ለሚያየው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ የቆመው በሕግ በተጣለ ግዴታ ነው፤ የሚታተመው እያንዳንዱ ፍራንክ መጠባበቂያ የውጭ ምንዛሪ ሊኖረው ይገባል። ዶላር ሳይገባ ፍራንክ አይታተምም። ብር ግን እንዲህ ያለ ልጓም አልነበረውም። በደርግ ዘመን ጦርነቱ ወጪን አናረ፤ መንግሥት ከብሔራዊ ባንኩ ተበደረ፤ የወጪ ንግድ ደከመ። ተመኑ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ተብሎ ቢጻፍም በዚያ ዋጋ ዶላር የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነበር። በጥቁር ገበያ ዶላር ከዚያ እጥፍ በላይ ይሸጥ ነበር።

ጉዳቱ በማን ላይ ወደቀ ቢባል በዋናነት ለውጭ ገበያ በሚያመርተው ላይ ነው። ቡናውም፣ ቆዳውም፣ ከብቱም ወደ ውጭ ሲላክ የሚመለሰው ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይቆጠር ነበር። አምራቹ ከእውነተኛው ዋጋ በታች ይከፈለው ነበር ማለት ነው። "ባቲ ጄኑይን" በሚል መጠሪያ በዓለም የቆዳ ገበያ የሚታወቀው የዚህ አካባቢ የፍየል ቆዳም ከዚህ ስሌት አያመልጥም። በወረቀት ላይ የጠነከረ ብር ለአስመጪና ለከተማ ሸማች ድጎማ፣ ለአርሶ አደሩና ለአርብቶ አደሩ ደግሞ ያልተጻፈ ግብር ነበር።

ከ86 ወደ 1 ከግማሽ

በመስከረም 1985 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ ተመኑን በአንድ ጊዜ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር አደረሰው። አንድ ብር ከ86 ፍራንክ ወደ 35 ፍራንክ ተኩል ወረደ። ከዚያ በኋላ የዶላር ጨረታ ተጀመረ፤ በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ባንኮች እርስ በርስ በየዕለቱ የሚገበያዩበት ሥርዓት ተዘረጋ። ብር ቀስ እያለ መውረዱን ቀጠለ። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. በተደረገው ማስተካከያ ዶላር ከ16 ብር አለፈ፤ አንድ ብርም 11 ፍራንክ ገደማ ሆነ። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ ሲቀንስ ዶላር ወደ 26 ብር ከ90 ደረሰ፤ አንድ ብር 6 ፍራንክ ተኩል ያህል ሆነ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ፣ ከለውጡ ዋዜማ፣ ዶላር 57 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር፤ አንድ ብር 3 ፍራንክ። ሥርዓቱ በተለወጠበት ዕለት ወደ 74 ብር ከ73 ወጣ። ግማሽ ዓመት ሳይሞላም ከ120 ብር አለፈ። በ120 ብር ሲሰላ አንድ ብር ከ1 ፍራንክ ተኩል በታች ነው።

በባቲ ነጋዴ አቆጣጠር ሲነገር ይበልጥ ይገባል። አንድ ሺህ የጅቡቲ ፍራንክ በ1965 ዓ.ም. 11 ብር ከ65 ሳንቲም ነበር። በ1985 ዓ.ም. 28 ብር፣ በ2002 ዓ.ም. 92 ብር፣ በ2010 ዓ.ም. 151 ብር፣ ከለውጡ ዋዜማ 323 ብር፣ በ120 ብር ተመን ደግሞ 675 ብር ሆኗል። ፍራንኩ በዚህ ሁሉ ዘመን ከ177.721 አልተነቃነቀም። የሳውዲ ሪያልም ለዶላር በ3.75 ታስሮ አሥርት ዓመታት አልፈውታል። ስለዚህ ከባቲ የተነሣች ፍየል ጅቡቲ ትሸጥ ጂዳ፣ ከኋላዋ ያለው ያው ዶላር ነው።

የገንዘብ ጉዳይ የገበያን መንገድ ጭምር እንደሚለውጥ ይህ አካባቢ በቅርቡ አይቶታል። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ለብዙ ዘመን የአሰብ መንገድ ነበር። ኤርትራ ነጻ ከሆነች በኋላም ለጥቂት ዓመታት በብር ስትገበያይ ቆየች። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ናቅፋን አውጥታ ከብር ጋር አንድ ለአንድ እንዲመነዘር ፈለገች። ኢትዮጵያ ደግሞ ከአነስተኛ የድንበር ንግድ በቀር ግብይቱ በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች፤ የራሷንም ኖቶች ቀየረች። ድንበር ዘለሉ ንግድ ተደናቀፈ። በዚያው ዓመት ግንቦት ጦርነቱ ተነሣ፤ አሰብም ለኢትዮጵያ ጭነት ተዘጋ። ከባቲ ቁልቁል የሚወርደው መኪና ከሚሌ በኋላ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የናቅፋ ጉዳይ ብቻውን ጦርነቱን አመጣው ማለት አይቻልም። ሁለት ጎረቤቶች በገንዘባቸው ካልተስማሙ ግን የመጀመሪያው ተጎጂ በድንበሩ መንገድ የሚኖረው ሻጭና ገዢ መሆኑ በዚያ ጊዜ ታይቷል።

የሚሸጠውና የሚገዛው

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ዶላር ከ57 ብር ወደ 120 ብር ከወጣ የባቲ አርብቶ አደር ፍየሉን በእጥፍ ይሸጣል ማለት ነው? በቀላል ስሌት አዎን ያሰኛል። ለምሳሌ አንዲት ፍየል ጅቡቲ ላይ 10 ሺህ ፍራንክ ብታወጣ በቀድሞው ይፋዊ ተመን 3 ሺህ 234 ብር ናት። በ120 ብር ተመን 6 ሺህ 750 ብር ያህል ትሆናለች። ሁለት እጥፍ ማለት ነው።

እውነታው ግን እንዲህ አይደለም። ከለውጡ በፊት ድንበር የሚሻገረው የቁም እንስሳ አብዛኛው በባንክ በኩል አልነበረም የሚያልፈው። በትይዩ ገበያ ዶላር ከ100 ብር በላይ በሚመነዘርበት ጊዜ በ57 ብር ለመመንዘር ወደ ባንክ የሚሄድ ነጋዴ ከየት ይመጣል? እንስሳቱ በኮንትሮባንድ ወጡ፤ ገንዘቡም በትይዩው ገበያ ተመነዘረ። የባቲ ፍየል ዋጋም ይህንኑ ተከትሎ ነበር። ስለዚህ ይፋዊው ተመን ወደ ትይዩው ሲጠጋ የፍየሏ ዋጋ በእጥፍ አይዘልም። አስቀድሞ እዚያው ነበረችና።

የማሾም ነገር እንዲሁ ነው። የብሔረሰብ አስተዳደሩ አርሶ አደሮች በስፋት የሚያመርቱት ማሾ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ሰብል ነው። ቀድሞ አንዳንድ ላኪዎች ማሾውን፣ ሰሊጡንና ቦሎቄውን በሀገር ውስጥ በውድ ገዝተው በውጭ ከገዙበት በታች ይሸጡ ነበር። የሚፈልጉት የእህሉን ትርፍ ሳይሆን ዶላሩን ነበርና። በዚያ ዶላር ሸቀጥ አስገብተው ኪሳራውን ያካክሱታል። በዚህም የተነሣ የማሾ ዋጋ በማሳ ላይ ከይፋዊው ተመን በላይ ከፍ ብሎ ቆይቷል። ተመኑ ሲስተካከል ላኪው በኪሳራ የሚገዛበት ምክንያት ይቀንሳል። ለንግዱ ጤና መልካም ነው፤ አርሶ አደሩ ግን "ዶላር እጥፍ ሆነ፣ ማሾ ለምን እጥፍ አልሆነም?" ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ይኸው ነው።

የሚገዛው ነገር ግን የተለየ መንገድ አለው። ማዳበሪያ ሲገባ የኖረው በይፋዊው ተመን ነው። ነዳጅም እንዲሁ። ለስሌት ያህል ወደብ ላይ 50 ዶላር የሚያወጣ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ በቀድሞው ተመን 2 ሺህ 874 ብር ነበር። በ120 ብር ተመን 6 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ ማጓጓዣው ሳይቆጠር ነው። እዚህ ላይ እጥፉ እውነተኛ እጥፍ ነው።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አርሶ አደሩና አርብቶ አደሩ የሚሸጡት ቀድሞም በውድ ዶላር ይተመን ነበር፤ የሚገዙት ግን በርካሽ ዶላር ይመጣ ነበር። ለውጡ ሁለቱን አንድ ሲያደርግ ከሽያጩ ይልቅ ግዢው ላይ ይከብዳል። መንግሥት በማዳበሪያ፣ በነዳጅ፣ በመድኃኒትና በምግብ ዘይት ላይ ድጎማ እንደሚያደርግ ከለውጡ ጋር ማሳወቁ ይህን ጫና ታሳቢ ያደረገ ነው። ትክክለኛ እርምጃ ነው። ድጎማ ግን ጊዜ መግዣ እንጂ መፍትሔ አይደለም። በተገዛው ጊዜ ምን ይሠራበታል የሚለው ነው ጥያቄው።

ሦስተኛው ምንዛሪ

በባቲ ገበያ ከዶላሩና ከፍራንኩ በላይ የሚያስጨንቅ ሌላ ምንዛሪ አለ። አንድ ፍየል ስንት ቁና ማሽላ ይገዛል? ይህ የአፋር አርብቶ አደር የኑሮ ሚዛን ነው። ፍየሏ በብር ተወዳ ማሽላውም በዚያው ልክ ከተወደደ ቤተሰቡ ያገኘው ነገር የለም። ማሽላው በፍጥነት ከበለጠ ደግሞ ብዙ ብር በእጁ ይዞ በባዶ ስልቻ ይመለሳል። ድርቅ ሲመጣ ይህ ሚዛን እንዴት እንደሚሰበር የወሎ ሕዝብ ከማንም በላይ ያውቃል። እንስሳቱ ከስተው በርካሽ ይሸጣሉ፤ እህል በዚያው ሰዓት ይወደዳል።

ለአርሶ አደሩም ሚዛኑ ያው ነው፤ አንድ ኩንታል ማሾ ወይም ጤፍ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ይገዛል? አርሶ አደሩ ምርቱን የሚሸጠው በአጨዳ ማግስት ነው። ያን ጊዜ ገበያው የተትረፈረፈ፣ ዋጋውም የረገበ ነው። ማዳበሪያ የሚገዛው ደግሞ ከወራት በኋላ፣ ክረምት ሲቃረብ ነው። በመሀል ብሩ ከወረደ በኅዳር የሸጠበት ገንዘብ በሰኔ ያንኑ ያህል አይገዛም። በእጅ የተያዘ ብር በዝምታ ይሸረፋል። የምንዛሪ ለውጥ ፖሊሲ ውጤት መለካት ያለበት በእነዚህ ሁለት ሚዛኖች ጭምር ነው፤ በባንክ ሰሌዳ ላይ በተጻፈ ቁጥር ብቻ ሊሆን አይገባም።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ሕጋዊው መንገድ ከሕገ ወጡ የተሻለ ይሁን። ኮንትሮባንድን የመገበው አንዱ ምክንያት የሁለቱ ተመኖች ልዩነት ነበር። ያ ልዩነት ሲጠብ ሕገ ወጡ ንግድ በራሱ ጊዜ ይደርቃል ብሎ መጠበቅ ግን የዋህነት ነው። አንድ አነስተኛ የእንስሳት ነጋዴ ፈቃድ ለማውጣት፣ የጤና ማረጋገጫ ለማግኘትና በባንክ ለመክፈል ቀናት የሚፈጅበት ከሆነ ሌሊት ድንበር የሚያሻግረውን ይመርጣል። በሚሌ ያለው የኳራንቲን ጣቢያ ከባቲ ገበያ ጋር በሥራ መተሳሰር አለበት። የክልሉና የአፋር ክልል የንግድና የእንስሳት ጽሕፈት ቤቶች አንዱ የሰጠውን ማረጋገጫ ሌላው የሚቀበልበት አሠራር ሊያበጁ ይገባል። አነስተኛ ነጋዴዎች ተሰባስበው በጋራ የሚልኩበት መንገድም ቢመቻች ገንዘቡ በባንክ፣ ቀረጡም በመንግሥት እጅ ይገባል።

ሁለተኛው መረጃ ነው። በባቲ ገበያ ደላላው የጅቡቲን ዋጋ በስልኩ ያውቃል፤ ፍየሏን ከቆላ ነድቶ የመጣው ሰው ግን አያውቅም። እንዲህ ባለ ድርድር ማን እንደሚያሸንፍ ግልጽ ነው። የዕለቱ ምንዛሪ፣ የወደቡ የእንስሳት ዋጋና የዋና ዋና ሰብሎች ዋጋ በየሰኞው በገበያው መግቢያ በሰሌዳና በድምፅ ማጉያ በሦስቱ ቋንቋዎች ቢነገር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከዚህ ጋር የእንስሳት ሚዛን ያስፈልጋል። እንስሳ በዓይን ግምት ሲሸጥ የሚጎዳው ሻጩ ነው። በኪሎ ሲሸጥ ግን ፍየሉን ያደለበ ሰው ላደለበው ይከፈለዋል።

ሦስተኛው ማኅበራትን ማጠናከር ነው። ከለውጡ ጋር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ላኪዎች ከሚያገኙት ዶላር ግማሹን ለራሳቸው እንዲይዙ ፈቅዷል። ይህ ዕድል የከተማ ላኪዎች ብቻ ሆኖ ከቀረ ለማሾ አምራቹ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው። የሕብረት ሥራ ዩኒየኖች ማሾን ከአባሎቻቸው ሰብስበው፣ አበጥረውና ደረጃ አስይዘው ራሳቸው መላክ ቢችሉ በእጃቸው በሚቀረው ዶላር ማዳበሪያና የእርሻ መሣሪያ ማስገባት የሚችሉበት መንገድ ይከፈታል። ያን ጊዜ አርሶ አደሩ የሚሸጥበትና የሚገዛበት ገንዘብ አንድ ይሆናል፤ በመሀል የብር መውረድ አይጎዳውም። ለዚህ ግን ዩኒየኖች የኦዲት ችግራቸውን መፍታት፣ የመጋዘንና የሰው ኃይል አቅማቸውን መገንባት አለባቸው። አባሉ ያላመነበት ዩኒየን ምርት አያገኝም።

አራተኛው የመሸጫ ጊዜ ነው። አርሶ አደሩ በአጨዳ ማግስት ምርቱን በርካሽ የሚጥለው ዕዳና ግብር ስለሚያጣድፈው፣ ማስቀመጫም ስለሌለው ነው። ምርቱን በመጋዘን አስይዞ ብድር የሚያገኝበት አሠራር እስከ ከሚሴና ባቲ ቢደርስ፣ የማዳበሪያ ክፍያም ከምርት መሸጫው ወቅት ጋር ቢቀራረብ ጫናው ይቀላል። ቁጠባውን በብር ብቻ ሳይሆን ዋጋቸው በሚጠበቅ ንብረቶች፣ በጥሩ ዘር፣ በመስኖ ፓምፕ፣ በተሻለ ዝርያ መያዙም ይመከራል።

አምስተኛው በማሳው ላይ ያለው ሥራ ነው። ከውጭ የሚገባ ማዳበሪያ የማይተካ ድርሻ አለው። ሆኖም ኮምፖስትና የትል ማዳበሪያ የሚያዘጋጅ፣ ጥራጥሬን ከማሽላና ከጤፍ ጋር እያፈራረቀ የሚዘራ፣ ማዳበሪያውን በመጠኑና በጊዜው የሚጨምር አርሶ አደር ለዶላር መውጣት ያለው ተጋላጭነት ያንሳል። ማሾ ራሱ ናይትሮጅንን ወደ አፈር የሚመልስ ጥራጥሬ ነው። ለገበያም ለአፈርም ይጠቅማል። የግብርና ባለሙያዎች ይህን ለአርሶ አደሩ ሲያስረዱ ከምርት መጨመሩ ጎን የወጪውን ስሌትም ይዘው ሊቀርቡ ይገባል።

ከሁሉም በላይ ግን የምንዛሪ ለውጥ ያለምርት ምንም ነው። በርካሽ ብር ወደ ውጭ የሚላክ ነገር ካልበዛ ትርፉ የዋጋ ንረት ብቻ ይሆናል። ለዚህ ደግሞ ሰላምና የተከፈተ መንገድ ያስፈልጋል። የጥንቱ የአሞሌ ስሌት እንደሚያስታውሰው በመንገድ ላይ ያለ ሥጋት ሁሉ ከሻጩ ዋጋ ላይ ይቀነሳል። ከባቲ እስከ ሚሌ፣ ከከሚሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ ለነጋዴና ለእንስሳ ሳይታመን ሲቀር የጅቡቲ ፍራንክ የቱንም ያህል ብር ቢያወጣ አርብቶ አደሩ ደጃፍ አይደርስም።

አርባ ሦስት ዓመት ያልተነቃነቀው 86 ፍራንክ ለባቲ ገበሬ ሀብት አላመጣለትም። በ120 ብር ተመን ሲሰላ የሚገኘው 1 ከግማሽ ገደማ ፍራንክም በራሱ ድህነት አይደለም። ጅቡቲ ፍራንኳን ያጸናችው እያንዳንዱን ፍራንክ የሚደግፍ ዶላር አስቀድማ በማስቀመጧ ነው። ኢትዮጵያም ብሯን የሚደግፈው ነገር ከማሳዋና ከግጦሽ መሬቷ መውጣት አለበት፤ ማሾው፣ ፍየሉ፣ ቆዳውና ቡናው ነው ድጋፉ። እነዚህን ለሚያመርተው ሰው ተገቢው ድርሻ ሳይደርሰው የሚጸና ብር አይኖርም። በመሆኑም ከፌዴራል እስከ ወረዳ ያሉ የግብርና፣ የንግድና የሕብረት ሥራ ተቋማት የምንዛሪ ለውጡን በባንክ ሰሌዳ ብቻ ሳይሆን በሰኞው የባቲ ገበያ፣ በአንዲት ፍየልና በአንድ ቁና ማሽላ ይመዝኑት። ሚዛኑ ወደ አምራቹ ካዘነበለ ለውጡ ተሳክቷል፤ ካላዘነበለ ሥራው ገና ነው።